ሳቲን ላይ የሚይዝ ቋጠሮ

ሰኞ

ዛሬ ከአበባ መሸጫው ስመለስ ሣጥኔ ውስጥ ያሉት ቢራቢሮዎች ተዋልደው ጠበቁኝ። ስወጣ ሣጥኑ ግማሽ እንኳን አልሞላም ነበር። ስመለስ ክዳኑ አልገጥም ብሏል። ቢራቢሮ የምለው ባለ ሁለት ቀለበቱን የሪባን ቋጠሮ ነው፤ የስጦታ ዕቃ ላይ፣ የሙሽራ ወንበር ጀርባ ላይ የሚደረገውን። ሪባን አጥፎ፣ ወገቡን አስሮ፣ ጅራቱን ቆርጦ ቢራቢሮ የሚሠራ ሰው በዚህ ቤት እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች። ባለቤቴ ደግሞ ስወጣ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስወጣ ያይ በነበረው መስኮት ውጭውን ያያል።

ሰው መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ማንም አልመጣም አለኝ። እንግዲህ ሪባኑ ራሱ ተነሥቶ ታሰረ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

ሽቦ አልቋል። ወገቡን በቀጭን ሪባን ማሰር ልጀምር ነው። ሳቲን ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ሲደርስ ግማሹ ተፈትቶ ይደርሳል።

የትናንትናዎቹ እንግዳ ቢራቢሮዎች ግን በቀጭን ሪባን ነው የታሰሩት። ያምራሉ ማለት አልችልም። አንዱ ቀለበት ከሌላው ይረዝማል፣ ጅራታቸው አይጥ የበላው ይመስላል። ወገባቸው ግን ሌላ ነው። ገልብጬ ባየው ቋጠሮው የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ልፈታው ሞከርኩ፣ አልተፈታም። በጥርሴ ሞከርኩ፣ አልተፈታም።

ዝናቡ አባርቷል፣ ልሩጥ።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ ቤቱ ጸጥ ብሏልና ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ነበር አልልም፣ ገና አልተወሰነም። ዝናቡ በጀመረ ሰሞን የብረት ቧንቧ ጭኖ ከመጋዘኑ ግቢ ሊወጣ ሲል፣ በሩ ላይ ፍሬን ሲይዝ ጭነቱ በጎን ተንሸራቶ ወረደ። በሩን ሊከፍት ከመኪናው ጎን ይሄድ የነበረው ጫኝ እግሩ ላይ አረፈበት። ጫኙን ሁሉም ቀጮ ይለዋል። ሸክም ሲያነሣ ያየው ሰው ዓይኑን አያምንም፤ እሱን ራሱን ንፋስ የሚወስደው ነው የሚመስለው። ከባለቤቴ ጋር ስንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አሁን እግሩ ውስጥ ብረት ገብቶለት ተኝቷል። ከእንግዲህ ሸክም ያነሣ እንደሆነ ሐኪሞቹም አላወቁም።

ከገመዶቹ አንዱ ነው ያልያዘው፤ አልተበጠሰም። ሙሉውን መሬት ላይ ነው የተገኘው። ያን ዕለት ለጠየቁት ሁሉ ባለቤቴ «እንደ ሁልጊዜው አስሬዋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ከአፉ ቃል ማውጣት ጭንቅ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ እስኪወሰን ቤትህ ቆይ ብሎታል። ጥፋቱ የሱ ነው ከተባለ መንጃ ፈቃዱም ሥራውም የለም። ይህን ማሰብ አልወድም፤ በየቀኑ ግን አስበዋለሁ።

ስለ ቢራቢሮዎቹ ልጄ ማታ ጆሮዬ ሥር መጥታ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ነው» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ታዲያ ለምን አትጠይቂውም ስትለኝ፣ ብጠይቀው ይተወዋላ ብዬ ዝም አሰኘኋት። ያን ሁሉ ብረት ሲያስር የኖረ ሰው ለሙሽራ ወንበር ሪባን ሲያስር መታየት ያሳፍረው ይሆናል። እጁ ሥራ ፈልጎ ነው። እጁ ከሠራ ደግሞ ልቡም ቀስ እያለ ይመለሳል። እኔ ብቻ አፌን ልዝጋ።

አፍ መዝጋት ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ልጄ «መርማሪዋ» የምትለኝ ያለ ነገር አይደለም።

ሐሙስ

ቀጮን ሐኪም ቤት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ አብረን እንሂድ ስለው «አንቺ ሂጂ» ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ከዚያ ፈታው። ብቻዬን ሄድኩ። ቀጮ ገና እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ አፍራ «መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለችኝ። መድኃኒት አይደለም። ተቀይሞናል፣ ቢቀየምም አልፈርድበትም። ለባለቤቴ ግን ተኝቶ አገኘሁት አልኩት።

ዓርብ

ባለ አበባ መሸጫዋ እትዬ ዛሬ ጉድ አሳየችኝ። ሁለት ቢራቢሮ ለይታ አስቀምጣ ኖሮ፣ «እነዚህን የሠራው ማን ነው?» አለችኝ። ቀለበታቸው ዘንፏል ልትለኝ ነው ብዬ ሠጋሁ። የቤት ሰው ነው አልኳት። «ቀለበቱን አስተካክሉ እንጂ ወገቡን እንዳትነኩት» አለች። ለካ ባለፈው ሠርግ አዳራሹ ውስጥ ሕፃናት ሪባኑን ይዘው ወንበር ሲጎትቱ ውለዋል። የኔዎቹ ሁሉ ተፈቱ። የሱዎቹ አንድም አልተፈቱም።

ለባለቤቴ እንዴት ብዬ ልንገረው? ራት ላይ ወደ ጣሪያ እያየሁ «ዘንድሮ የማይፈታ ቢራቢሮ ተወዷል» አልኩ። ልጄ ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «አንዱም አልተፈታም?» አለ። አንዱም አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቅዳሜ

ጡሩምባ መጣ። ሹፌር ነው፣ የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ። ከመታየቱ በፊት ድምፁ ስለሚደርስ ነው ይህ ስም የወጣለት። ጓዳ ሆኜ ሪባን እያጠፍኩ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ፤ ጣል ባላደርግም እሰማው ነበር።

መፍትሔው ተገኝቷል ይላል። መሥሪያ ቤቱ ገመዱን ከቀየረው ገና ወሩ ነው። አዲሱ ገመድ ናይሎን ነው፤ ልሙጥ ነው፣ ቋጠሮ አይይዝም። «አንተ አስሬዋለሁ፣ ገመዱ አንሸራተተ በል። እኛ ሹፌሮች ሁላችን ገብተን ያንሸራትታል እንላለን። አለቀ» አለው።

ባለቤቴ «በርግጥ ያንሸራትታል?» አለ። ሕፃን ልጅ ስለማያውቀው ነገር እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀው። ጡሩምባ ግራ ገብቶት «ምን ቸገረህ?» አለው።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሁሉም ሹፌር ተሰልፎ ቋጠሮው አንሸራተተበት ሊል ነው። ከዚያ በኋላ ለሱ ጭነቱን የሚያምን ማን ነው? የሱ ቋጠሮ ሕፃናት ተንጠልጥለውበት ያልተፈታ ቋጠሮ ነው።

እሑድ

ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ሪባኖቼን እየደረደርኩ ሳለ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለና፣ ከሁሉም በጣም የሚያንሸራትተው የትኛው ነው አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በራሱ አፍ የጠየቀኝ ነገር። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ስለ ሪባን የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ይህ ሻካራ ነው፣ ራሱን ይይዛል። ይህኛው ጠርዙ ሽቦ አለው። ሳቲን ግን ሁለቱም ፊቱ ልሙጥ የሆነው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጣትም ላይ አይቆምም። ሮዝ ቀለም ካለው ላይ ክንድ ያህል ቆረጥኩለት።

ጎረቤት ደርሼ ስመለስ የበሩ እጀታ ላይ ካውያዬ ተንጠልጥሎ አየሁ። በሮዝ ሳቲን ቢራቢሮ። ባለቤቴ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ካውያውን ያየዋል።

«ምን እየሆነ ነው?» አልኩ።

«ይወድቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ወደቀ?»

«አልወደቀም» አለ። ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበረ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም። በሥራው ኮርቶ ይሆናል።

ማክሰኞ

ዛሬ ምሥጢሩን ደረስኩበት። ከአልጋው ሥር ስጠርግ የተቆራረጠ ሪባን ክምር አገኘሁ። ሁሉም ታስሮ፣ ተስቦ፣ በመቀስ የተቆረጠ። አንዱን መስኮት አጠገብ ወስጄ በመርፌ ጫፍ እየተከተልኩ ቀኑን በሙሉ ስጎረጉረው ዋልኩ። ሥራዬን ትቼ! ግን ሳላውቀው ማደር አልቻልኩም።

አንዱ ጫፍ ሁለቴ ይዞራል። በሦስተኛው የራሱን ሥር አቋርጦ ይገባና ተመልሶ ራሱን ይረግጣል። ሲስቡት ይብስ ይነክሳል። ለመፍታት መሳብ አይሆንም፤ ከጎን ወደ ኋላ መግፋት ነው። እንዴት ያለ ነገር ነው! አባቱ ነው ያስተማረው፤ አባቱም በጋሪ ጭነት ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ምን እንደሚያስር አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

እኔም ሞከርኩ። በስንት ሙከራ አንዱ ተሳካልኝና ካውያውን ሰቀልኩበት። አልወደቀም።

ሐሙስ

አደረግኩት።

ሮዙን ቢራቢሮ በወረቀት ጠቅልዬ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የስምሪት ኃላፊው ቢሮ አስገቡኝ። መኪኖቹን ወዴት እንደሚሄዱ የሚያዘው እሱ ነው፤ አጣሪ ኮሚቴውም ውስጥ አለበት። ሹፌሮቹ ስሙ ሲነሣ አንገታቸውን ይሰብራሉ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ለኔ ወንበር ስቦ ነው ያስቀመጠኝ። ባለቤቴን ስለማያውቁት ነው እንዲህ የሚባለው፤ የሱ ቋጠሮ አያንሸራትትም፤ ይኸው ይጎትቱት አልኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ጎተተው። መነጽሩን አድርጎ ደግሞ ጎተተው።

«ሳቲን ነው?» አለኝ።

«ሳቲን ነው። ከዚህ የሚብስ ልሙጥ የለም።»

«ከናይሎን ገመድም ይብሳል?»

«በጣም እንጂ» አልኩት አፌን ሞልቼ።

«ባለቤትዎ በገዛ እጁ ነው ያሰረው?»

«በገዛ እጁ።»

እንዲተውለት ጠየቀኝ፤ ተውኩለት። ጃንጥላ ይዞ እስከ ውጭው በር ሸኘኝ። ደግ ሰው ነው። እንደዚህ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም፤ ውሳኔው ሲመጣ ራሱ ይስማው። ለልጄ ግን ነገርኳት። መጽሐፏን አጥፋ፣ «ምን አልሽው? ደግመሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት። ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች። ፈተና አለባት፣ ሐሳቧ እዚያ ነው።

ዓርብ

የኮሚቴው መጥሪያ መጣ፤ ረቡዕ። ባለ አበባ መሸጫዋ ተጨማሪ ቢራቢሮ ትፈልጋለች። እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። የልጄ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ምን አጠፋሁ?

ቅዳሜ

ጠየቅኳት። «አባዬን ጠይቂው» አለችኝ።

ስለዚህ ነገርኩት። ሪባን ይዞ ነበር፤ ሰማያዊ። ስነግረው እጁ ቆመ።

«ለማን አሳየሽው?»

«ለስምሪት ኃላፊው።»

ሪባኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመዳፉ አስተካከለው። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮኽ በተሻለኝ። «ጥሩ አድርገሻል» አለኝ። ምን ማለትህ ነው፣ አያንሸራትትም እኮ፣ እኔ ራሴ ካውያ ሰቅዬበታለሁ፣ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «አንድ ጊዜ እንኳን ቢያንሸራትትልኝ ብዬ ነው ስታገል የከረምኩት። ያለሽን ሪባን ሁሉ ሞከርኩት። አልሆነም።»

አሁንም አልገባኝም ነበር። ወይም ገብቶኝ እንቢ እያልኩ ነበር። ፊቴን አይቶ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ እንዲያ ለስለስ ብሎ ያወራኝ ከተጋባን ሰሞን ወዲህ ነው።

«ሳቲን ላይ ከያዘ ናይሎን ላይም ይይዛል። ይይዛል ማለት ደግሞ ያን ቀን ቢታሰር ኖሮ አይፈታም ነበር። ገመዱ ግን ተፈታ። እንግዲህ አላሰርኩትም።»

«አስሬዋለሁ ብለሃል እኮ።»

«ሁልጊዜ ስለማስር ነው ያልኩት። የመጀመሪያዎቹን ሳስር ይታወሰኛል። የመጨረሻዋን ገመድ በእጄ ይዣት ነበር። ከዚያ መሪውን ነው የማስታውሰው። በመሐል ባዶ ነው። ምን እንደሆንኩ አላውቅም።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ንጹሕነቱን ላስመሰክር ብዬ በገዛ እግሬ ሄጄ ያስቀመጥኩት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ጃንጥላውም ገባኝ።

እሑድ

ምነው ምላሴን በቆረጠው። ምነው ያን ቀን በዘነበ፣ ዘንቦም ነበር፤ ያ ሰው በጃንጥላ ሸኘኝ እኮ።

ሮዙን እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ ቢራቢሮ የማስረው እኔ ነኝ፣ ሄጄ እላለሁ አልኩት። ሁሉም ያምነኛል፤ ሥራዬ ነው። እምቢ አለ። ስለምንበላው አስበሃል ወይ፣ ስለ ልጅህ አስበሃል ወይ አልኩት። ክፉ ክፉውን ተናገርኩት። ሁሉንም ሰማኝና፣ «አንሸራተተ ብዬ ብወጣስ፣ ነገ ደግሞ ጭነት ሳስር ምን ይዤ ነው የማስረው?» አለኝ።

ሰኞ

ጡሩምባ ሰምቶ መጣ። የጮኸው ጩኸት! ሴትዮ፣ በሪባን አነቅሽው አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ መጀመሪያ የሰማሁት ዛሬ ነው፤ አሁንም ቢሆን ገመዱ ነው ይበል፣ እኛ አለን አለ። ባለቤቴ አመስግኖ ሸኘው።

ረቡዕ

ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ክፍሉ ስለታፈነ በሩን ገርበብ አድርገውት ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ።

የስምሪት ኃላፊው የኔን ሮዝ ቢራቢሮ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠራርግ ባለቤቴ ቀደመው። «ቋጠሮው የኔ ነው» አለ። «አያንሸራትትም። ገመዱንም አታሙት፣ ደህና ገመድ ነው። የመጨረሻዋን አላሰርኳትም። ለምን እንዳላሰርኳት አላውቅም። ሳላይ መነሣቴ የኔ ጥፋት ነው።» አንዱ የኮሚቴ አባል ጓደኞችህ ሌላ ነገር ይላሉ ሲለው፣ ስለሚወዱኝ ነው አለ።

መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ተያዘ። ከሥራም ተሰናበተ። ቀጮን ማሳከሙን መሥሪያ ቤቱ ይቀጥላል፤ ይህን ባለቤቴ ራሱ ነው የጠየቃቸው።

ስንወጣ በእግር ብዙ ሄድን። ይቅር በለኝ አልኩት። ክንዴን ያዘኝና በጭቃው ላይ አሻገረኝ። ከዚያ፣ «ሌላው ሁሉ አለቀ። ያ ባዶው ግን እንዳለ ነው» አለ። ያን ሁሉ አጥቶ እሱን ነው የሚያስበው። ሰውዬው ከኔ ይብሳል፤ ሳያውቀው ማደር አይችልም።

ቅዳሜ

ዛሬ ወደ ቀጮ ቤት አብረን ሄድን። ጫማውን አስሮ ወጣ።

ቀጮ ከሐኪም ቤት ወጥቷል። በአንድ ክፍል ቤታቸው ውስጥ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ባለቤቴን ሲያይ ሊነሣ ሞክሮ አቃተው። እኔን ያየኝ ጊዜ ወደ ግድግዳ የዞረው ፊት ዛሬ መዞሪያ አጣ። ሚስቱ ሻይ ቀዳች። ሁለቱም ብርጭቆውን ይዘው እያዩት ተቀመጡ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ዝምታ ለአራት አካፈሉን።

ባለቤቴ ጀመረ። ለኮሚቴው ያለውን እንዳለ ነገረው። «አላሰርኳትም። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ለምን እንደተውኳት ብነግርህ ደስ ባለኝ፣ ግን አላውቀውም» አለ።

ቀጮ ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ አውቃለሁ ጋሼ» አለ። «እኔ ነኝ የጠራሁህ።»

ባለቤቴ ቀና አለ።

«የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ገመዱ ነው የሚጠይቀኝ። ጠርተኸው ነበር ወይ ያለኝ የለም። እኔም ፈራሁና አልተናገርኩም። ሚስትህ ስትመጣ እንኳን ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

«ለምን ነበር የጠራኸኝ?»

«እጄ በግራሶ ተጨማልቆ ነበር። ውሃ አፍስስልኝ አልኩህ። ገመዷን እዚያው ለቀህ መጣህ። በውሃ ብቻ አይለቅም ብለህ ደግሞ ከጋቢና ሳሙና አመጣህልኝ።»

«ሳሙና» አለ ባለቤቴ።

«ሳሙና። ጣቴን አንድ በአንድ እስክታጠብ ቆመህ አፈሰስክልኝ። ከዚያ የመጋዘኑ ሰዎች ከወዲያ ውጡ ብለው ጮኹብን። አንተ ወደ መሪው፣ እኔ ወደ በሩ ሮጥን።»

ባለቤቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። ቀጮ መነሣት ስለማይችል በተቀመጠበት ክንዱን ዘርግቶ ያንን ትከሻ ያዘው። እኔና ሚስቱ ተያየንና ብርጭቆዎቹን ትተን ወጣን፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በረንዳው ላይ ቆየን።